አሥራ ሦስተኛው መደብ

በሀደራ ከተማ፣ በቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ስለ አይቸው የሚወራው ብዙ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ግማሹን እሱ ራሱ አልሰማውም፤ ቢሰማም መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ከሚወራው ሁሉ ግን ማንም የማይከራከርበት አንድ ነገር አለ፤ አይቸው በዓይኑ ይመዝናል። ሌላው ሰው ኪሎና ሜትር የሚፈልግበትን ነገር እሱ አንዴ አይቶ ይጨርሰዋል።

ሥራው የከተማ አትክልተኝነት ነው። ሀደራ መሃል ባሉት አደባባዮች ላይ የሚታየው አበባ አብዛኛው የእሱ እጅ የነካው ነው። ጓደኞቹ ገመድ ወጥረው፣ ሜትር ዘርግተው ነው ችግኝ የሚተክሉት። እሱ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ያያል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይተክላል። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ አለቃ ይህን አይቶ ደሙ ፈላና ሜትሩን ይዞ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ለካው። ስድሳ ችግኝ ለክቶ የጣት ስፋት ልዩነት ሲያጣ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አይቸውን የለካው የለም።

ይህን ዓይን የሰጠው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤትማ ደጁንም አልረገጠም። አባቱ በደምቢያ የታወቁ ብልት አዋቂ ነበሩ። በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲሆን ቢላው የሚሰጠው ለእሳቸው ነበር። አይቸው ከጎናቸው እየተቀመጠ አየ፣ አይቶም ቀረለት። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሚስቱ ከወርቂቱ ጋር በሱዳን በኩል አልፎ እዚህ ዕብራይስጥ የሚነገርበት አገር ሲደርስ በእጁ የያዘው ነገር አልነበረም፤ ዓይኑን ግን የሚቀማው አልተገኘም።

ቅርጫን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ አንድ በሬ ለአሥራ ሁለት ቤት ከፍሎ ይሞክረው። እያንዳንዱ መደብ ከጉበቱም፣ ከጎድኑም፣ ከፍሪምባውም፣ ከሽንጡም፣ ከጨጓራውም እኩል ሊደርሰው ይገባል። አንዱ ጋ ስቡ፣ አንዱ ጋ አጥንቱ ከበዛ ነገሩ በዚያ ቀን አያበቃም፤ ሥጋው አልቆ ኩርፊያው ይከርማል። በአንዲት ቁራጭ ዳቢት የተነሳ ስንት ወንድማማች ሳይነጋገር ዓመት ዞሯል! አይቸው ግን ሀደራ ላይ ሃያ ዓመት ሲመድብ ቅር ያለው ሰው የለም፤ ከብዙአለም በቀር። ብዙአለም ደግሞ ቅር የማይለው ነገር ስለሌለ አይቆጠርም። ጡረታ የወጣ ጎረቤታቸው ነው፤ በየዓመቱ የሚያነሳውም አንድ ነገር ነው፤ የዚህ አገር በሬ ሻኛ የለውም። «ሻኛ የሌለው በሬ፣ በሬ ነው?» ይላል፣ ሻኛውን አይቸው የደበቀበት ይመስል ዓይን ዓይኑን እያየ።

ለዚህ ለሁሉ ሰው ድርሻ ለሚያደርሰው ሰው፣ እግዜር አንድ ድርሻ ሳይሰጠው ኖረ። ልጅ። ወርቂቱ ያልገባችበት ሐኪም ቤት፣ ያልተሳለችው ስለት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳው ሲጠጋ፣ ልጅ ወስደው ለማሳደግ አመለከቱ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ እነሱ ኦቤደት ሶጽያሊት የሚሏት ሴት፣ ቤታቸው መጥታ ለምን ልጅ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። አይቸው ከወርቂቱ ቀድሞ መለሰ።

«ሚስቴ ወጥ የምትሠራው ሁልጊዜ ለሦስት ሰው ነው» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ድርሻ ይተርፈናል።»

ሴትዮዋ ሌሎቹን ጥያቄዎች ሳትጠይቅ ደብተሯን አጠፈች ይባላል። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ወርቂቱ ግን ውሸት አታውቅም።

ሆዲያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከፑሪም በዓል በኋላ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። ከእኛው ሰዎች እዚሁ አገር የተወለደች ናት፤ እናቷ ሞታ፣ አባቷ ማሳደግ አቅቶት፣ በሕፃንነቷ ፕኒሚያ ገባች፣ አዳሪ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ቤተሰብ ወስዷት ነበር፤ ሁለቱም መለሷት። ምክንያታቸውን አልጠየቅኩም። ሰው ልጅን እንደ ጫማ ለክቶ አልሆነኝም ብሎ ሲመልስ ምክንያቱን መስማት ያናድደኛል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሆዲያ አዲሱ ክፍሏ ውስጥ አዲስ ቁም ሣጥን ተገዝቶላት ልብሷን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ሱቅ ስትላክም፣ መናፈሻ ስትሄድም ቦርሳዋ ከጀርባዋ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን ቦርሻ ስታበቃ ኩሽናው በር ላይ ትቆምና «ዓድ ማታይ?» ትላለች። እስከ መቼ ነው እዚህ የምቆየው ማለቷ ነው። አይቸው «ለታሚድ» ይላታል፤ ለሁልጊዜ። እሷም እሺ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በማግስቱ እንደገና ትጠይቃለች።

ዳኛው ፈርሟል፣ ስሟ የእነሱ መታወቂያ ላይ ሰፍሯል። ልጅቷ ግን ወረቀት አታምንም፤ አልፈርድባትም። አይቸው በዚያ ጸደይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ጥያቄ እንድትተው። ወርቂቱ «ተዋት፣ ቀን ይፈታዋል» ትለዋለች። እሱ ግን አደባባይ ላይ ተንበርክኮ ችግኝ ሲተክል እንኳ «ዓድ ማታይ?» ጆሮው ላይ ነው። ምን ቢያደርግላት እንደምታምነው አስቦ አስቦ አጣው።

እንዲህ እንዳሉ የነፃነት ቀን ደረሰ። አገሪቱ ስድሳ ዓመት የሞላት ያን ጊዜ ነውና ከተማው በደስታ ሰክሯል። መኪናው ሁሉ ባንዲራ ሰክቷል፤ ልጆች ሲመቱበት የሚጮኽ የላስቲክ መዶሻ ይዘው ያገኙትን ሰው አናት ይነርታሉ። የቤት ኤሊዔዘሮቹ አሥራ ሁለት ቤቶች እንደ ልማዳቸው ለቅርጫ ተሰባሰቡ። ቄስ ያየህ በማለዳ ከከተማው ወጣ ካለ የከብት ማርቢያ ሄደው በሬውን ባርከው አረዱ፤ ሥጋው በመኪና ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ መጣ። የሀደራ ሰው በነፃነት ቀን ሌላ መሄጃ የለውም። ከየዛፉ ሥር ማንጋል፣ ሥጋ የሚጠበስበት የከሰል ምድጃ፣ ይጨሳል፣ ሙዚቃው ከሙዚቃ ይደባለቃል፣ ሰው የማያውቀውን ሰው «ሐግ ሳሜአሕ»፣ መልካም በዓል፣ እያለ ያጎርሳል፣ ይጎርሳል።

አይቸው ሥጋ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አያኖርም፤ ሽታው ይጋባል። ሙዝ እርሻ የሚሠራ ጎረቤት የሙዝ ቅጠል አምጥቶለት ነበር። እሱን በረድፍ ዘርግቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቢላውን ያዘ።

ሆዲያ ሌሎቹ ልጆች መዶሻ ይዘው ሲራወጡ አብራቸው አልሮጠችም። ቦርሳዋን እንዳዘለች ከአይቸው ጎን ቁጢጥ አለች።

«ሆዲያዬ፣ ኮቫሽን አድርጊ፣ ሼሜሹ ያቃጥላል» አለቻት ወርቂቱ ባርኔጣ እየዘረጋችላት። ልጅቷ ዓይኗን ከሥጋው ሳትነቅል ባርኔጣውን ተቀብላ አናቷ ላይ ደፋችው።

አይቸው እየሠራ የሚያወራ ሰው አይደለም። ከጉበቱ ቆርጦ በየመደቡ ያኖራል፤ ራቅ ብሎ ያያል፤ ከአንዱ አንስቶ ወደ ሌላው ይመልሳል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ሆዲያ ተናገረች።

«ላማ? ለምን መልሰህ ወሰድክበት?»

«በልጦ ነበር።»

«በምን አወቅክ?»

«አየሁት።»

ልጅቷ መደቡን ደግማ አየች። ከዚያ በኋላ እሱ ቁራጭ ባነሳ ቁጥር የእሷም ዓይን ቀድሞ ይሄድ ጀመር። አይቸው ይህን ልብ ብሎታል፤ ደስም ብሎታል።

ሥጋው ተመድቦ ሲያልቅ የዕጣው ተራ ሆነ። ከየቤቱ አንዳንድ ምልክት ተሰበሰበ። ቁልፍ ያወጣ አለ፣ አዝራር የበጠሰ አለ፣ ከሀደራ ምዕራብ የተቆረጠች የባቡር ትኬት የጣለም አለ። ሁሉም ቄስ ያየህ ባርኔጣ ውስጥ ገባ። ዕጣ የሚጥለው የምልክቱን ባለቤት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

«ሆዲያ ትጣለው» አለች ወርቂቱ፣ ልጇን ከሰው ልታቀላቅል ብላ። «ማንንም አታውቅም፣ ለማንም አታዳላም።»

ሁሉም ተስማሙ። ሆዲያ ባርኔጣውን ተቀብላ ውስጡን አየች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ምልክቶቹን ቆጠረች፤ መደቦቹን ቆጠረች፤ ምልክቶቹን እንደገና ቆጠረች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ማንም አላያትም፤ ምክንያቱም ልክ በዚያች ቅጽበት አውሮፕላኖቹ መጡ።

በነፃነት ቀን የጦር አውሮፕላኖች በባሕሩ ዳርቻ በኩል ያልፋሉ። ጫካው በሙሉ አንጋጠጠ። መጀመሪያ አራት ሆነው አገሩን እያንቀጠቀጡ አለፉ፤ ቀጥሎ ትንንሾቹ መጥተው ጭስ እየለቀቁ ይገለባበጡ ጀመር። ልጆች ጮኹ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ቄስ ያየህ እንኳ ጥላቸውን አጥፈው ወደ ላይ አዩ። ብዙአለም «የነዳጁ ብዛት!» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን እሱም ዓይኑን ከሰማይ አላነሳም።

ሰማዩ ጸጥ ብሎ ዓይን ሁሉ ወደ መሬት ሲመለስ፣ የሙዝ ቅጠሉ ጫፍ ላይ አሥራ ሦስተኛ መደብ ተቀምጧል። በልጅ መዳፍ ልክ የሆነች መደብ።

«ማነው መደብ የነካ?» ብሎ ጮኸ ብዙአለም።

መልሱ እዚያው ቆሟል። ሆዲያ ባርኔጣውን መሬት አስቀምጣለች፤ ጣቶቿ ደም ነክተዋል፤ ልትደብቃቸውም አልሞከረችም።

«ዓይኗን በጨው አጥባ!» አለ ብዙአለም። «ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሷ ሥጋችንን ታነሳለች! አይቸው፣ ይቺ ልጅ የእጅ አመል አለባት። የወለዷትም፣ የወሰዷትም እንዲያው በከንቱ አልተዋትም።»

አማርኛው ሁሉ አይገባትም፤ ድምፁ ግን ገባት። የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀች። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ ሳታለቅስ፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው ረጋ ብላ ተናገረች።

«መፈለግ አያስፈልጋችሁም። የኦቤደት ሶጽያሊቷን ስልክ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ወርቂቱ እሪ ብላ ልታቅፋት ሮጠች፤ ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰው ሁሉ አይቸውን አየ። ሌላ አባት ቢሆን ወይ ልጁን ይቆጣል፣ ወይ ብዙአለምን ያንቃል፤ እኔ ብሆን ሁለተኛውን አደርግ ነበር። አይቸው ግን ትንሿ መደብ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አየ።

አሥራ ሁለት ቁራጭ ነው ያለው። ቢላ አልነካችም፤ ከተቆረጠው ውስጥ እየመረጠች ነው ያነሳችው። ከእያንዳንዱ መደብ አንዳንድ፣ ሁሉም ባንድ ልክ። ከአንዱ ጉበት፣ ከአንዱ ጎድን፣ ከአንዱ ሽንጥ፣ ከአንዱ ጨጓራ። አንድም ብልት አልቀረባትም፣ አንድም ቤት አልዘለለችም።

«ነይ እዚህ» አላት። ሦስት እርምጃ መጥታ ቆመች። «ከአንዱ መደብ ብቻ ብትወስጂ አይቀልሽም ነበር?»

«ያኛው ያንስበታል» አለች።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን ዋጠ።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽ?»

ሆዲያ ባርኔጣውን በጣቷ አሳየችው። «በፕኒሚያ ሳህን ላይ ስም ይለጠፋል። ጠዋት የአንድ ልጅ ስም ከሌለ፣ ያ ልጅ በዚያ ቀን ይሄዳል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዕቃ ነው ያለው። ቆጠርኩት። የእኔ የለም።» ጣቷን ወደ ራሷ መለሰች። «እኔ መሄድ አልፈለግኩም።»

ቅርጫ ለቤት እንጂ ለሰው አይመደብም፤ የእሷ ድርሻ እነ አይቸው ለቤታቸው በጣሏት ቁልፍ ውስጥ አብሮ እንዳለ የነገራት ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ማንም የማይናገረው ነገር ነው። ግን ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ ሌብነት ባየበት ቦታ አይቸው ሌላ ነገር አየ። የሚሄድ ሰው ድርሻ አይዝም። ይቺ ልጅ ከወር በላይ እስከ መቼ ስትል ቆይታ፣ ዛሬ አሥራ ሁለት ቤት ፊት ድርሻዬን ብላለች።

«አንድ ስህተት አለብሽ» አላት።

ወርቂቱ ደነገጠች። ልጅቷ ግን ቀረብ አለች።

«ኩላሊቱን ከዚህኛው ነው ያነሳሽው። ኩላሊት ጥቂት ስለሆነ ይሄ መደብ ተጎድቷል። ከእሱ ጨጓራ ማንሳት ነበረብሽ።»

ሆዲያ ጎንበስ ብላ መረመረች። «ቤሴዴር» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው፣ በሙሉ ቁም ነገር።

ከዚያ አይቸው ተነሳ። ይህ ሰው ልመና አያውቅም። ሱዳን በረሃ ውስጥ እንኳ ውሃ ተራውን ጠብቆ እንጂ ለምኖ እንዳልጠጣ አብረውት የመጡት ይናገራሉ። አሁን ግን ፊቱ በላብ ርሶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጎረቤቶቹን አያቸው።

«ሃያ ዓመት ስመድብላችሁ ከዕጣዬ ውጭ የጠየቅኋችሁ የለም» አለ። «ዛሬ ልለምናችሁ ነው። የራሴን ለእሷ መስጠት እችላለሁ፤ ግን እሷ የጠየቀችው የእኔን አይደለም። እንደ ሰው ከሁላችሁም እንዲደርሳት ነው የጠየቀችው። ከየቤታችሁ ትንሽ ትንሽ ስጡኝ።»

ሁሉም ወደ ቄስ ያየህ ዞረ።

«መደብ ከተነካ ይፈርሳል» አሉ ቄስ ያየህ፣ በጥላቸው መሬቱን እየጫሩ። «ሕጉ ይሄ ነው። ሲፈርስ ግን በስንት ይሠራ የሚለውን ሕጉ አይናገርም።»

«እርስዎ እንዳሉ ነው፣ አባ» አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ።

ብዙአለም ሲያመነታ ቆየ። ትንሿን መደብ አየ፣ ልጅቷን አየ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ነው የኖርኩት» አለ በመጨረሻ። «ይቺ ግን እናንተን ሁሉ ትመድባለች። በሉ አሥራ ሦስት አድርጉት! ሻኛም ከሌለው በሬ ላይ ከዚህ በላይ ምን ሊጎድልብን ነው!»

ሥጋው ተደባልቆ እንደገና ተመደበ። በዚህ ጊዜ አይቸው ብቻውን አልሠራም። ቁራጭ ባኖረ ቁጥር «ይሄኛውስ?» ይላታል። «በልጧል» ትላለች፤ ወይም «ያንሳል»። ሁለቴ ተሳስታለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የተሳሳተው እሱ ነበር። ይህን የተናገረው እሱ ራሱ ነው፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ምልክት አምጪ ስትባል ከፀጉሯ ላይ ቀይ መቆንጠጫዋን ነቅላ ባርኔጣው ውስጥ ጣለች። አሁን እሷም ባለዕጣ ስለሆነች ዕጣውን ቄስ ያየህ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣሉት። ቀዩዋ መቆንጠጫ ብዙአለም ከጠዋት ጀምሮ ሲያያት የነበረችው የፍሪምባ ቁራጭ ባለችበት መደብ ላይ ወደቀች። ብዙአለም አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ «ዕጣ ነው» አለ። ሳያጉረመርም የተቀበለው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሆዲያ መደቧን በሙዝ ቅጠሉ ላይ እንዳለ በሁለት እጇ ተሸከመች። ይከብዳታል፤ ላግዝሽ ያሏትን ሁሉ እምቢ አለች። የእነሱ ማንጋል ጋ ስትደርስ ወርቂቱ ትሪ ዘረጋችላት።

«ረጋ በዪ» አለቻት ልጅቷ። «ሬጋዕ። ገና ነው።»

ቦርሳዋ ስላስቸገራት ከጀርባዋ አውርዳ ወዲያ አለችውና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉን ለሦስት ቀደደች። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ትመድብ ጀመር። ታኖራለች፣ ራቅ ብላ ታያለች፣ ታነሳለች፣ ትመልሳለች። አይቸው ከሰሉን እያራገበ የማያያት መሰለ። ወርቂቱ ማየት አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሲያልቅ አንዱን ወርቂቱ ፊት፣ አንዱን አይቸው ፊት፣ አንዱን ራሷ ፊት አስቀመጠች።

አይቸው አንዴ አየ። ለእሱ አንዴ ይበቃዋል። የእሱ መደብ ላይ ጉበቱ ሁለት ነው፣ የፍሪምባው ስብ ያለበት ወገን እሱ ጋ ነው። የእሷ ከሁሉም ያነሰ ነው። ስለ መደብ ዋሽቶ አያውቅምና ዛሬም አልዋሸም።

«ሆዲያ» አላት። «እኩል አይደለም። የእኔ በዝቷል።»

«አውቃለሁ» አለች።